ሦስት ተባሉ እንጂ ብዙ ነበሩ

በ936 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሰባ ዓመት የተጠጋው አንድ ሽማግሌ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ከጠላቱ ጦር ጋር በኮሪያ ደቡብ ይዘምታል። የሚዘምተው ራሱ በመሠረተው መንግሥት ላይ ነው፤ ከማዶ የተሰለፈውን ጦር የሚመራውም የበኩር ልጁ ነው። የልጁ የጦር አዛዦች ሽማግሌውን ባዩ ጊዜ መጥተው በፈረሱ ፊት እጃቸውን ሰጡ። ልጅየው ተሸነፈ፤ መንግሥቱም በዚያው ከሰመ።

ሽማግሌው ክዮን ሁዎን ይባላል። የኮሪያን ታሪክ በወጉ ያነበብኩት ለትምህርት ዴጉ ከተማ በነበርኩበት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ዘመን ነገሥታት ሁሉ ልቤ የቀረው እሱ ዘንድ ነው። ኮሪያውያን ዘመኑን “የኋለኞቹ ሦስት መንግሥታት” ይሉታል። እኔ ግን አጠራሩ ያሳስታል ባይ ነኝ። ዘውድ የጫኑት ሦስት ይሁኑ እንጂ አገሩን ቆራርሰው የያዙት ሰዎች ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሲላ ነው። ሲላ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን በቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት እየታገዘ ጎረቤቶቹን ቤክጄንና ጎጉርዮን ከጣለ በኋላ፣ አብዛኛውን የኮሪያ ልሳነ ምድር ከዋና ከተማው ከክዮንግጁ ሆኖ ገዛ። ሥርዓቱ አጥንት የሚቆጥር ነበር። ሰው የሚደርስበት ሹመት፣ የሚሠራው ቤት ስፋት፣ የሚለብሰው ልብስ ሳይቀር በትውልዱ ይወሰን ነበር። ክፍለ ሀገር የተወለደ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ወደ ላይኛው ወንበር አይደርስም። ላይ ያሉት መሳፍንት ደግሞ በዙፋን ይተላለቁ ነበር፤ ከ780 ጀምሮ ባሉት 155 ዓመታት ብቻ 20 ነገሥታት ተፈራርቀዋል።

በ889 የክፍለ ሀገሩ ግብር መምጣቱን አቆመ። ንግሥት ጂንሶንግ ግብር ሰብሳቢዎች ስትልክ ገበሬው ሳንግጁ ላይ ተነሣ። አመፁን እንዲያበርድ የታዘዘው ሹም የአማፂዎቹን ምሽግ ከሩቅ አይቶ መቅረብ ስለፈራ በሞት ተቀጣ። አንድ ማዕከላዊ መንግሥት እንደሞተ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ በየኮረብታው ምሽግ ያጠረ ሁሉ ራሱን “ጄኔራል” ወይም “የምሽግ ጌታ” እያለ ግብሩን ለራሱ ይሰበስብ ጀመር። ከእነዚህ መካከል የመንደር ሹም የነበረ፣ በባሕር ንግድ የከበረ፣ የጠረፍ ጦር አዛዥ የነበረና ሽፍታም ይገኝበታል።

ክዮን ሁዎን የአንድ የሳንግጁ ገበሬ ልጅ ሲሆን በሲላ ጦር ውስጥ የደቡብ ምዕራብን ጠረፍ ይጠብቅ ነበር። በ892 በዛሬዋ ጓንግጁ ሠራዊት አሰባሰበ፤ በ900 ደግሞ ጆንጁ ላይ የቤክጄን ደም እመልሳለሁ ብሎ ነገሠ። ቤክጄ ከጠፋች ሁለት መቶ አርባ ዓመት ሆኗታል፤ እሱም የተወለደው በሲላ ምድር ነው። በሰሜን የተነሣው ጉንግ ዬም የጎጉርዮ ተበቃይ ነኝ ይላል፤ በትውልዱ ግን የሲላ ልዑል እንደሆነ ይተረካል። ስለዚህ “የቤክጄና የጎጉርዮ ሕዝቦች ጥንታዊ ቂም” የሚለው ማብራሪያ አያረካኝም። ግብር የመረረው ሕዝብ መሪ ይፈልግ ነበር፤ መሪ መሆን የፈለገው ደግሞ ሰው የሚያውቀው ስም ያስፈልገው ነበር፤ የሞቱት መንግሥታት ስም ጌታ አልነበረውምና ለመውሰድ ቀላል ነበር።

ጉንግ ዬ አንድ ዓይና መነኩሴ ነበር። በ901 ነገሠ፤ የመንግሥቱን ስም ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ በመጨረሻም ሊመጣ የሚጠበቀው ቡድሃ እኔ ነኝ አለ። የሰው ልብ አነባለሁ እያለ የፈረደባቸው ብዙ ናቸው፤ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹንም ገደለ። ይህን የነገሩን መቼም የገለበጡት ሰዎች ወራሾች ናቸው። ዋናው የታሪክ መዝገብ፣ “ሳምጉክ ሳጊ”፣ የተጻፈው በ1145 በአሸናፊው ቤተ መንግሥት ስለሆነ በጥንቃቄ ማንበብ ይሻላል። የጉንግ ዬ ከተማ ቾርዎን ፍርስራሿ ዛሬ ሁለቱ ኮሪያዎች በሚለያዩበት፣ ማንም በማይገባበት ቀጠና ውስጥ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ አካባቢው “የብረት ሦስት ማዕዘን” ይባል ነበር፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችንም በዚያው ግንባር ተዋግተዋል።

በ918 ጉንግ ዬን የገለበጡት የራሱ ጄኔራሎች ሲሆኑ ያነገሡት ዋንግ ጎንን ነው። ዋንግ ጎን በዛሬዋ ኬሶንግ በባሕር ንግድ ከከበረ ቤት የተወለደ ሰው ነው። በ903 በመርከብ ዞሮ ናጁን በመያዝ ክዮን ሁዎንን ከጀርባው ወግቶት ነበር። መንግሥቱን ጎርዮ አለው። ከሁለቱ ተቀናቃኞቹ የሚለየው ግን የምሽግ ጌቶቹን ቆጥሮ ማወቁ ላይ ነው። ሊወጋቸው አልፈለገም፤ ስጦታ ላከላቸው፣ ቃሉን ዝቅ አድርጎ ጻፈላቸው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን አገባ። በመጨረሻ 29 ሚስቶች ነበሩት።

በጦር ሜዳ የሚበልጠው ክዮን ሁዎን ነበር። በ927 ክዮንግጁን ወርሮ የሲላውን ንጉሥ ለሞት ዳረገና በምትኩ ሌላ ሾመ። ሊረዳ የመጣውን ዋንግ ጎንን ደግሞ ፓልጎንግ ተራራ ላይ አደቀቀው። ፓልጎንግ ከዴጉ ሰሜን የሚታየው ትልቁ ተራራ ነው። ጄኔራል ሺን ሱንግክዮም የጌታውን የጦር ልብስ ለብሶ እንደሞተና ዋንግ ጎን በዚያ እንዳመለጠ የከተማው ሰው ሁሉ ያወራዋል። ይሁን እንጂ ያ ድል ለክዮን ሁዎን ኪሳራ የሆነበት ይመስለኛል። ዘውድ የደፋን ሰው በቤቱ የገደለ ንጉሥ ነገ እኔንስ ምን ያደርገኛል ብሎ የማይሰጋ ባላባት የለም። በ930 አንዶንግ አጠገብ ሁለቱ እንደገና ሲገጥሙ የአካባቢው ጌቶች ለዋንግ ጎን አደሩ፤ እሱም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ በኩል ከ110 የሚበልጡ ምሽጎች ገቡለት። “ሦስት መንግሥት” የሚለው ቁጥር የሚደብቀው ይህን ነው።

ሽማግሌውን የጣለው በመጨረሻ የቤቱ ጣጣ ነው። ዙፋኑን ለአራተኛ ልጁ ለኩምጋንግ ሊያወርስ ሲያስብ፣ በ935 የበኩር ልጁ ሺንጎም ወንድሙን ገድሎ አባቱን ኩምሳንሳ በተባለ የቡድሃ ገዳም አሰረ። አባትየው ከሦስት ወር በኋላ አምልጦ ወደ ናጁ ሸሸ፤ ከዚያም የዕድሜ ልክ ጠላቱ መርከብ ልኮ ወሰደው። ዋንግ ጎን በአሥር ዓመት ይበልጠኛል ብሎ እንደ አባት አከበረው። በዚያው ዓመት የሲላው ንጉሥም ያለ ውጊያ አገሩን አስረከበና የዋንግ ጎንን ልጅ አገባ። በሚቀጥለው ዓመት የሽማግሌው ዘመቻ ሆነ። ክዮን ሁዎን ከድሉ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ እባጭ ወጥቶበት ሞተ።

የመማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ እኔ ግን አገሩ ያን ጊዜ ተዋሕዷል አልልም። 29 ሚስቶች ማለት ከኋላቸው የየራሳቸው ወታደርና መሬት ያላቸው አማቶች ማለት ነው። ዋንግ ጎን በ943 ሲሞት የመከፋፈሉ ነገር ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ተተኪው ህዬጆንግ ዋንግ ጎን ከናጁ ካገባት ሚስቱ የወለደው ነው፤ የእናቱ ወገን ደካማ ስለነበር ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ገዛ። ሴቶች ልጆቹን ለዋንግ ጎን ድሮ የነበረው ዋንግ ግዩ የልጅ ልጁን ሊያነግሥ አሢሯል ተብሎ ተገደለ። ባላባቶቹን በእርግጥ የሰበረው በ949 የነገሠው ሌላው የዋንግ ጎን ልጅ ጓንግጆንግ ነው። በ956 ያለ አግባብ ባሪያ የተደረጉት ነጻ እንዲወጡ አዘዘ፤ ይህ የጌቶቹን ጉልበትና የግል ጦር ቀነሰው። በ958 ሹመት በፈተና እንዲሆን አደረገ። ከዚያ አባቱን ያነገሡትን ቤተሰቦች በየተራ ያስገድል ጀመር።