«ለምን?» ብሎ መጠየቅ ማገዝ ነው እንዴ?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ላይ ክትፎ የበላችሁ ብዙ ናችሁ። ሐበሻው ከአዳምስ ሞርጋን ወደዚያ ወርዶ ምግብ ቤት ሲከፍት ኪራዩ ረከስ ያለው ያለ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉ ዕለት ሰፈሩ በቁጣ ተቃጥሎ፣ ለአሥርት ዓመታት ሳያገግም ቆይቷል።

ቃጠሎው ግን ድንገተኛ አልነበረም። ጁላይ 1967 ኒውዋርክና ዲትሮይት ሲነዱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በኢሊኖይ ገዥ ኦቶ ከርነር የሚመራ ባለ 11 አባላት ኮሚሽን አቋቁመው ነበር። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? እንዳይደገም ምን ይደረግ? መልሱ የወጣው ኪንግ ከመገደላቸው አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። የተቀነባበረ ሴራ አልተገኘም። የተገኘው የፖሊስ በደል፣ ሥራ አጥነት፣ የቤት ችግር ነበር፤ ጥቁሮች የታጎሩባቸውን ሰፈሮች የፈጠረውና ያቆየውም ነጩ ኅብረተሰብ ነው ተባለ።

ኮሚሽኑ ጋዜጦቹንም አልማረም። የዲትሮይት ጉዳት መጀመሪያ ከ200 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ኋላ ሲጣራ ከፍተኛው ግምት 45 ሚሊዮን ሆነ። ሕዝቡ ግን በፊተኛው ቁጥር ተከራክሮ፣ አቋሙን ይዞ ጨርሷል።

ዛሬማ ይባስ። በ2024 እንግሊዝ፣ ሳውዝፖርት ውስጥ ሦስት ሕፃናት ሲገደሉ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ ነው ተባለ። ካርዲፍ የተወለደ ልጅ መሆኑ ተነገረ፤ ስሙም በፍርድ ቤት ፈቃድ ይፋ ሆነ። ከዚያ በኋላም ሮዘራም ላይ ስደተኞች ያረፉበት ሆቴል በእሳት ተጠቃ። እርማቱ ደርሷል፣ ሰሚ ግን የለም።

በእኛ ሙያ ሲስተም ሲወድቅ ፖስት ሞርተም እንጽፋለን። «ማን አበላሸው?» ሳይሆን «እንዴት አለፈ?» ነው የሚባለው። አገር ግን ሰርቨር አይደለም። የከርነርን ሪፖርት የሚያነበው መራጩ ነው፤ ሪፖርቱ ጥፋት ያገኘበትም እሱኑ ነው። በራሱ ላይ የሚፈርድ መራጭ ከየት ይመጣል? ጆንሰን ሪፖርቱን ችላ አሉት። ኒክሰን ከረባሹ በቀር ሁሉን ይወቅሳል ብለው ተቹት፤ «ሕግና ሥርዓት» እያሉ በኖቬምበር ተመረጡ። በነገራችን ላይ፣ ሱቁ የነደደበት ሰው «ለምን» ሲባል ቢናደድ አልፈርድበትም። የኔ ቅሬታ ምንም ያልነደደባቸው ፖለቲከኞች ምክንያት መፈለግን እንደ ጥብቅና መቁጠራቸው ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ሲጓተት ከርሞ፣ ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ ከተሞች ከተቃጠሉ በኋላ ጸደቀ። ክርክሩ ያቃተውን እሳቱ አስፈጸመው ልበል? ይህን ስጽፍ «ቃጠሎ ደገፈ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።