«ዶክተሩ ምን ነበር ያሉን?»

ጥያቄው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሐኪም ቤቱ በር ወጥተው መኪና ሲገቡ ወይም ራይድ ሲጠብቁ ነው። «ቆይ፣ ሁለተኛውን መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው ያሉት በኋላ?» እናት «በኋላ» ይላሉ። ይዛቸው የሄደችው ልጅ «በፊት» ትላለች። ማታ ደግሞ ወንድም ከሥራ ገብቶ «ታዲያ እዚያው አትጠይቁም ነበር?» ይላል። እሱ አብሮ ስላልነበረ ይህን ማለት አይከብደውም።

በእርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ካለ የማንም ስንፍና አይደለም። ሮይ ኬሰልስ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ በሚታተመው የሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሜዲስን መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ታካሚ ከሐኪሙ ከሚነገረው መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያውኑ እንደሚረሳ አስፍረዋል። ከሚያስታውሰውም ግማሽ የሚጠጋው የተዛባ ነው። ሰው ሲደነግጥ ጆሮው አንድ ቃል ላይ ተተክሎ ይቀራል። «ስኳር አለብዎት» ከተባለ በኋላ ስለ ምግቡ፣ ስለ እግር ጥንቃቄው፣ ስለ ቀጣዩ ምርመራ የተነገረው ሁሉ እንደ ራዲዮ ድምፅ ያልፋል። ዕድሜ ሲጨመርበት፣ የሚነገረውም ሲበዛ፣ የባሰ ይሆናል።

እኛ አገር ደግሞ የራሳችን መደናገሪያዎች አሉን። ሐኪሞቻችን የተማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹ ንግግር በእንግሊዝኛ ይወጣል። «ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው» ሲባሉ መጥፎ ዜና የሰሙ መስሏቸው የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። ሰዓቱም አለ። «በየ8 ሰዓቱ ይውሰዱ» ማለት በቀን 3 ጊዜ ማለት ነው፤ «8 ሰዓት ሲሆን» ብሎ የተረዳ ሰው ግን ከምሳ በኋላ አንዴ ብቻ ሊውጥ ይችላል። («በየ12 ሰዓቱ» የተባለ ሰው ጠዋት 12 እና ማታ 12 ሰዓት ቢውጥ ግን ስህተቱ ራሱ ልክ ይወጣል!) ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ከኋላ ወረፋ እየተጠበቀ፣ ዶክተሩ እየቸኮሉ፣ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» የሚል ሰው ጥቂት ነው። «እሺ ዶክተር፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንወጣለን።

በመሥሪያ ቤት ለሦስት ወንበር ግዥ ቃለ ጉባኤ እንይዛለን። ስለ እናታችን ኩላሊት የተነገረውን ግን በቃል ይዘን ነው የምንሄደው። መፍትሔው ደግሞ በእጃችን ነው፤ ሁላችንም ስልክ አለን። አይፎን ላይ «ቮይስ ሜሞስ»፣ ሳምሰንግ ላይ «ቮይስ ሪከርደር» የሚባሉት የድምፅ መቅጃዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ ለመቅዳትም ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም።

አክስቴ የታይሮይድ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ተውጦ፣ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል። ቡናም እንደዚያው፤ መድኃኒቱ በአንጀት በኩል በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋልና። አክስቴ ስለ ቁርሱ አስታውሰዋል። ስለ ቡናው ግን «ኧረ ምንም አላሉም!» ብለው ድርቅ አሉ። ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ጀበና የሚጥዱ ሴት ናቸው፤ ጆሮ የማይፈልገውን እንደማይሰማ ያኔ ነው የገባኝ። ልጃቸው ዶክተሩን አስፈቅዳ ቀድታ ስለነበር ማታ ተሰብስበን አዳመጥነው። «ቡና» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ አለ። አክስቴ ስልኩን ትንሽ ተኩረው አዩትና «በሉ እንግዲህ፣ ቡናው ከመድኃኒቱ አንድ ሰዓት በኋላ ይፈላል» አሉ። እኛ ብንነግራቸው ኖሮ እስከ ዛሬ እየተከራከርን እንሆን ነበር። ከልጅ አፍ የሚሰማ ምክርና ከዶክተሩ ከራሳቸው አፍ የሚሰማ ቃል በወላጅ ዘንድ እኩል አይመዝኑም።

እንዴት ይጠየቃል?

ቀድሞ በግልጽ፣ ስልኩን እያሳዩ ነው የሚጠየቀው። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እናቴ ቤት ገብታ ደግማ እንድትሰማው የሚሉንን በስልኬ ብቀዳው ይፈቅዱልኛል? ከቤተሰብ ውጪ አይወጣም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። ብዙ ሐኪም የሚፈራው ድምፁ ነገ ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ እንዳይወጣ ወይም ለክስ እንዳይሆን ነው፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ተደብቆ መቅዳትን እኔ አልመክርም። ሐኪሙ በኋላ ቢያውቁ የሚበላሸው መተማመን ከቅጂው ጥቅም ይበልጣል፤ በዚያ ላይ የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰፈረ መብት ነው። ቀረጻና ፎቶ የሚከለክል ማስታወቂያ የለጠፉ ሆስፒታሎችም አሉ። በአንዳንድ ክፍል ደግሞ ሁለት ታካሚ ጎን ለጎን ይታያል፤ ያኔ የሌላ ሰው ምሥጢር አብሮ ስለሚቀዳ መተው ይሻላል።

ዶክተሩ ባይፈቅዱስ? ቅር አይበልዎት፤ ትንሹን ይጠይቁ። «እንግዲያው መጨረሻ ላይ ማጠቃለያውን ብቻ ልቅዳ?» ሲባሉ እሺ የሚሉ ይኖራሉ። እሱም ካልሆነ የሰሙትን መልሰው ለዶክተሩ ይንገሯቸው፦ «በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ፤ ይሄኛው ጠዋትና ማታ፣ ያኛው ማታ ብቻ፣ አይደል?» ከክፍሉ ሲወጡ ደግሞ ወደ ፋርማሲው ከመሮጥዎ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው የሚያስታውሱትን በራስዎ ድምፅ ይቅዱ። እናትም የሰሙትን ይጨምሩበት። ገና ትኩስ እያለ ነው የሚያዘው።

ከተፈቀደልዎ ስልኩን ከኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያድርጉት፤ ኪስ ውስጥ የሚሰማው የጨርቅ መፋተግ ብቻ ነው። መሐል ላይ ስልክ ተደውሎ እንዳያቋርጥዎ የአውሮፕላን ምልክት ያለባትን ይጫኗት። እናት ልብሳቸውን አውልቀው ሲመረመሩ ያጥፉት። ቅጂውን በቀኑና በሐኪሙ ሙያ ይሰይሙት፤ «አዲስ ቅጂ 47» ከሦስት ወር በኋላ አይገኝም። ያኑ ዕለት ማታ መድኃኒቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ እያስቆሙ ያዳምጡት፤ ሰዓቱንም በየካርቶኑ ላይ ይጻፉ። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆች ያን ጊዜ ያጣሩ። ማንበብ ለማይችሉ አያት ከወረቀት ይልቅ ድምፁ ይጠቅማል፤ አማርኛው ለሚከብዳቸውም ቤት ውስጥ በአፍ መፍቻቸው እየተረጎሙ ማሰማት ይቻላል።

ቅጂው የማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ክፉ ውጤት ሲመጣ «ለእሷ አይንገሯት» ብሎ ሐኪሙን ወደ ጎን የሚስብ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቅጂ ባለበት ቤት ይህ አይሠራም፤ ወይ ድምፁ ይደበቃል፣ ወይ እናት አንድ ቀን ይሰሙታል። እኔ እንደማምነው ቅጂው የታካሚዋ ነው። የእናት አካል ነው፤ የእናት ወሬ ነው። ወደ ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ከመላክዎ በፊት «ለልጆቹ ልላከው?» ብለው ይጠይቋቸው። «ለትልቁ ብቻ» ካሉ ለትልቁ ብቻ ነው። ግሩፑ ውስጥ የአጎት ሚስትና የቀድሞ አማች መኖራቸውን ረስተው የላኩ አሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ውስጥ መድቦታል፤ በቤታችንም ቢያንስ ያን ያህል ክብር ይገባዋል።

ወላጆችዎ ልጅ ለመጠየቅ አሜሪካ ሄደው እዚያ የሚታከሙ ከሆነ ሕጉ እንደ ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ ለመቅዳት የሁሉንም ተናጋሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃቸዋል። እናም ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ክልክል የሆነው ወንዙን ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ሲደርሱ የተፈቀደ ነው፤ አስፈቅዶ መቅዳት ግን በሁለቱም በኩል ያስኬዳል። በፊኒክስ ከተማ የሚገኘው ባሮው የነርቭ ሕክምና ተቋም ከሐኪም ጋር የተደረገውን ውይይት ራሱ በቪዲዮ ቀድቶ ለታካሚዎቹ ሲሰጥ ቆይቷል። የእኛ የግል ሆስፒታሎች ለካርድ ከሚያስከፍሉት አንጻር ይህን ቢያስቡበት አይበዛባቸውም።

ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ ወረፋ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ያለፈውን ቅጂ ያሰሟቸው። «ይሄን እኮ አልጠየቅናቸውም» የሚሉት ነገር አይጠፋም፤ ስማቸው ሳይጠራ ይጻፉላቸው።