ፎቶው ላይ ያለው ማሪዮ አይደለም!

በአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ላይ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በማጣሪያው ፈጣን ሰዓት አስመዝግበው ከፊተኛው መስመር የሚነሱት ሶስት አሽከርካሪዎች ውድድሩ ከመካሄዱ በፊት ከነመኪናቸው ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። እ.ኤ.አ የ1969ኙን ፎቶ ያየ ሰው “ኤ.ጄ ፎይትን፣ ማሪዮ አንድሬቲንና ቦቢ አንሰርን አየሁ” ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ግን ተሳስቷል። ፎይትም አንሰርም ራሳቸው ናቸው። ማሪዮ ተብሎ የቆመው ሰውዬ ግን ማሪዮ አይደለም፤ መንትያ ወንድሙ አልዶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሪዮ ከጥቂት ቀናት በፊት ልምምድ ላይ እያለ የሎተስ መኪናው የኋላ ጎማ ተነቅሎ ከግድግዳ ጋር ተላተመና ፊቱ ተቃጠለ። በሌላ መኪና ተሯሩጦ ማጣሪያውን በሁለተኝነት ቢያልፍም በተላላጠ ፊት ፎቶ መነሳት አላማረውም። መንትያ ያለው ሰው ደግሞ ምን ቸገረው? አልዶ የወንድሙን ቦታ ይዞ ቆመ፣ ፎቶው ተነሳ፣ በቃ አለቀ። ከቀናት በኋላ ማሪዮ በዚያ በተቃጠለ ፊቱ ውድድሩን አሸነፈ።

ያ ፎቶ ከተነሳ ጥቂት ወራት በኋላ ግን አልዶ የማሪዮን ቦታ ተክቶ ፎቶ መነሳት የሚችልበት ዘመን አከተመ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለመለየት የተቸገረ ሰው የለም። መልካቸውን የለየው ስፕሪንት ካር የሚባለው ውድድር ነው። የዛሬው ፅሁፋችንም በዚህ ውድድር፣ በመኪኖቹና በነዚህ መንትዮች ላይ ያተኩራል።

ስፕሪንት ካር ደግሞ ምንድነው?

እኛ አገር የመኪና ውድድር ሲባል ብዙው ሰው ትዝ የሚለው ፎርሙላ ዋንና ማይክል ሹማከር ነው። ስፕሪንት ካር ከዚያ በጣም ይለያል። ሜዳው እንደ ስታዲየም የሩጫ መም ሞላላ ነው። አብዛኛው ዙሪያው ግማሽ ማይል፣ ማለትም 800 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን የተነጠፈውም አስፋልት ሳይሆን ውሃ የጠጣ ጭቃ አፈር ነው። አስፋልት የሆነም አልጠፋም፤ ዋናው መገለጫው ግን አፈሩ ነው። በኢንዲያና፣ በኦሃዮ፣ በፔንሲልቬኒያና በአይዋ ግዛቶች ባሉ ትናንሽ የገጠር ከተሞች ቅዳሜ ማታ ሲመጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይሄን ለማየት ይወጣል። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ለፕሪሚየር ሊግ ቦታ ለመያዝ እንደምንጋፋው ማለት ነው።

መኪናዋ ራሷ ጉደኛ ናት። ሞተሪኖ የላትም። እኛ የምናውቀው ዓይነት ፍሪሲዮንና ማርሽም የላትም። ስለዚህ ውድድር ሊጀመር ሲል ባትሪዋ እንደሞተ ላዳ ታክሲ ከኋላ በሌላ መኪና እየተገፋች ነው የምትነሳው። የምትጠጣው ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው። የዛሬዎቹ ትልልቆቹ ስፕሪንት ካሮች 6.7 ሊትር ሞተርና 900 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሲኖራቸው ክብደታቸው 640 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት አንድ ኪሎ እንኳ አይደርሰውም ማለት ነው። ታክሲዋ ላዳ ከዚህች መኪና የከበደች ሆና ጉልበቷ ግን ሰባ ገደማ መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል።

መዞሪያው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ለዚህም ሲባል የቀኝ የኋላ ጎማ ከግራው ይበልጣል። አሽከርካሪው ኩርባው ጋ ሲደርስ መኪናዋን ወደ ጎን ያንሸራትታታል፤ መኪናዋ ወደ ግራ እየዞረች የፊት ጎማዎቿ ወደ ቀኝ ያያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው “አለቀላት፣ ልትገለበጥ ነው” ይላል። እሷ ግን ጭቃውን ወደ ሰማይ እየረጨች ቀጥ ብላ ትወጣለች። ውድድሩ በአጭር በአጭር ማጣሪያ ተከፋፍሎ ይካሄድና ማታ ላይ ወደ ዋናው ፍጻሜ ያመራል። ሃያና ሃያ አራት መኪና በዚያች ጠባብ ሜዳ ላይ ጎማ ለጎማ ሲተሻሽ ማየት ነው እንግዲህ የሕዝቡ ፍቅር።

ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ ስፕሪንት ካሮች አናታቸው ላይ እንደ ጣሪያ ያለ ትልቅ ክንፍ ተሸክመዋል። ክንፉ መኪናዋን ወደ መሬት ይጫናታል። ይህን መጀመሪያ እንደሞከረ የሚነገርለት ጂም ኩሽማን የተባለ የኦሃዮ አሽከርካሪ ነው፤ ዘመኑም 1958 ነው። የድሮዎቹ ግን ክንፍም የላቸው፣ ከላይ የሚከልል የብረት ቀፎም የላቸው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

አንገቱን ያወጣ ሰው

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚይዘው ይሄ ነው። መኪናዋ እንደ ሲጋር የሾለች ጠባብ ናት። አሽከርካሪው ከትከሻው በላይ ውጭ ነው። ፊቱን የማይሸፍን ሄልሜት፣ መነፅር፣ አፉ ላይ ጭቃ እንዳይገባ የታሰረ መሃረብ፣ አለቀ። አንዳንዱ ተራ ካናቴራ ነው የለበሰው። መኪናዋ ስትገለበጥ መጀመሪያ መሬት የሚያገኘው የሰውየው አናት ነው።

በዚህ የተነሳ የዚያን ዘመን ፎቶ ማየት ደስታም ሃዘንም አለው። 1966ን ብቻ እንውሰድ። በሰኔ ወር ፔንሲልቬኒያ ሬዲንግ ላይ ጁድ ላርሰንና ሬድ ሪገል በአንድ አደጋ ሞቱ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አስኮት ፓርክ በሚባለው ሜዳ ዶን ብራንሰንና ዲክ አትኪንስ እንዲሁ በአንድ አደጋ ሁለቱም ሄዱ። በአንድ ዓመት፣ በሁለት አደጋ፣ አራት ሰው! ከላይ የሚሸፍነው የብረት ቀፎ በስፋት የገባው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ አሽከርካሪ “ቀፎ የፈሪ ነው” ባይ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን ይነዱ ነበር? ምክንያቱም ወደ ኢንዲያናፖሊስ የሚወስደው መንገድ ይሄ ነበር። ዛሬ አንድ ታዳጊ በክለብ አካዳሚ አልፎ ዋናው ቡድን እንደሚገባው፣ በዚያን ጊዜም ፎይትም ፓርኔሊ ጆንስም በስፕሪንት ካር ነው ያደጉት። እዚያ ጭቃ ላይ ስም ያላወጣ ሰው ትልቁን መኪና የሚሰጠው አልነበረም።

ሳንቲሟ ለአልዶ አደላች

ማሪዮና አልዶ የተወለዱት በፌብሩዋሪ 1940 ሞንቶና በምትባል ከተማ ነው። ያኔ ጣሊያን ነበረች፤ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አካባቢው ለዩጎዝላቪያ ሲሰጥ ቤተሰቡ ንብረቱን ጥሎ ተሰደደ። ሉካ በተባለችው የጣሊያን ከተማ በስደተኞች መጠለያ ሰባት ዓመት ኖሩ። በ1954 ልጆቹ ሞንዛ ሄደው የጣሊያንን ግራንድ ፕሪ አዩ። አልቤርቶ አስካሪ ሲነዳ አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። በቀጣዩ ዓመት አስካሪ በዚያው በሞንዛ ሞተ። ከሱ ሞት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤተሰቡ 125 ዶላር ይዞ አሜሪካ ገባ።

ያረፉት ናዝሬት በምትባል የፔንሲልቬኒያ ከተማ ነው። እዚያ ሲደርሱ ምን አገኙ መሰላችሁ? ግማሽ ማይል የአፈር መወዳደሪያ ሜዳ! መንትዮቹ በጋራዥ እየሰሩ አንዲት አሮጌ የ1948 ሃድሰን መኪና ለውድድር አዘጋጁ። ይህቺ ስፕሪንት ካር አልነበረችም፤ ተራ የቤት መኪና ተቆራርጣ የተሰራች ናት። በ1959 አስራ ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ ለውድድር ሲወጡ ለሰው የነገሩት ጣሊያን እያሉ ይወዳደሩ እንደነበር ነው። ውሸት ነው፤ ግን አመኗቸው።

መኪናዋ አንድ፣ ነጂዎቹ ሁለት። ማን ይጀምር? ሳንቲም ወረወሩ። ሳንቲሟ ለአልዶ አደላች። አልዶም ወጥቶ የመጀመሪያ ውድድሩን አሸነፈ። በሳምንቱ ተራው የማሪዮ ሆነና እሱም አሸነፈ። በዚያ ሰሞን ቢሆን “ከሁለቱ ማን ይበልጣል?” ብለው ቢጠይቁት የሚመልስ ሰው አይኖርም ነበር።

አባትየው ይሄን ሁሉ አያውቁም። የውድድሩ ዘመን ሊያበቃ ሲል ሃትፊልድ በሚባል ቦታ አልዶ ተገለበጠና የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ራሱን ሳተ። ማሪዮ መጀመሪያ ለቤተሰቡ የተናገረው አልዶ ውድድር ሲያይ ከጭነት መኪና ላይ ወደቀ ብሎ ነው። እውነቱ ግን መውጣቱ አልቀረም፤ በአባትየው ቤትም ትልቅ ኩርፊያ ሆነ። ማሪዮ ግን አላቆመም። ወንድሙ አልጋ ላይ ሆኖ እሱ ቀጠለ። ልዩነቱ የተፈጠረው እንግዲህ ያኔ ነው። አልዶ ድኖ ሲመለስ ማሪዮ ርቆ ሄዷል።

አንዱ ወጣ፣ አንዱ ቀረ

ማሪዮ በ1964 በትልቁ የስፕሪንት ካር ሻምፒዮና ሶስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ኢንዲያና ውስጥ ሳሌም ላይ የ100 ዙር ውድድርም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። በ1965ና በ1966 የአሜሪካ ሻምፒዮን፣ በ1967 የዴይቶና 500 አሸናፊ፣ በ1969 የኢንዲያናፖሊስ ባለድል። በ1978 ደግሞ በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው በሞንዛ ነው፤ ከወንድሙ ጋር አስካሪን ባየበት ሜዳ! እነዚህን ሶስቱን፣ ዴይቶናን፣ ኢንዲያናፖሊስንና የፎርሙላ ዋንን ዘውድ፣ አንድ ላይ የሰበሰበ ሰው ከሱ ሌላ የለም።

አልዶስ? አልዶ ስፕሪንት ካር እየነዳ ከአንዱ የገጠር ሜዳ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። የወንድሙን ፎቶ ከተነሳለትና ወንድሙ ዋንጫውን ካነሳ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው በ1969፣ አይዋ ግዛት ዴ ሞይን ላይ ሲወዳደር መኪናው ከአጥር ጋር ተጋጨች። የአልዶ ፊት ተሰባበረ። ሐኪሞች እንደገና ሰሩት። ሕይወቱ ተረፈ፣ መልኩ ግን ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ተወዳድሮ አያውቅም።

ሰውየው ግን አልቅሶ አልተቀመጠም። ኢንዲያናፖሊስ ላይ የብረታ ብረት ማሽን ስራ ከፍቶ ልጆቹን አሳደገ። ልጁ ጆን አንድሬቲም አሽከርካሪ ሆነ። በ1994 ኢንዲያናፖሊስ 500ንና ሻርሎት ላይ የሚካሄደውን የ600 ማይል ውድድር በአንድ ቀን በመንዳት የመጀመሪያው ሰው ጆን ነው። ጆን በጃንዋሪ 2020 በካንሰር አረፈ። አባቱ አልዶም በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በዲሴምበር፣ በ80 ዓመቱ ተከተለው።

ፎቶው ለምን ይቀመጣል?

ስፕሪንት ካር ዛሬም አለ፤ እንዲያውም አድጓል። በ1978 ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ የተባለው ዙር ተጀምሮ ስቲቭ ኪንሰር የተባለው ሰው ሃያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ሃያ! አይዋ ኖክስቪል ላይ ከ1961 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ትልቁ ውድድር ኦገስት ላይ ትንሿን ከተማ በሰው ያጥለቀልቃታል። እዚያው ሜዳው አጠገብ በ1992 የተከፈተ የስፕሪንት ካር ሙዚየም አለ። የድሮዎቹ መኪኖች ተጠግነው፣ ተወልውለው ቆመዋል። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎችም እያወጡ በሰልፍ ይነዷቸዋል፤ ለዋንጫ ሳይሆን ለትዝታ።

እነዚህን መኪኖች ለመጠገን ዋናው መረጃ የድሮ ፎቶ ነው። በዚያን ዘመን መኪና እየተሸጠ፣ እየተቀባ፣ ቁጥሩ እየተቀየረ፣ ሞተሩ ከኦፈንሃውዘር ወደ ሸቭሮሌት እየተለወጠ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አንድ ዝገት የበላው ሻሲ ከጎተራ ሲገኝ “ይሄ የማን ነበር?” ለሚለው መልስ የሚሰጠው ከሜዳው ዳር ቆሞ የተነሳ ፎቶ ነው። የቦዲው ቅርፅ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ የጭስ ማውጫው አወጣጥ ይታያል። አሽከርካሪውም ይታያል። ከነዚያ አሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ሻምፒዮን አልሆኑም፣ ጋዜጣም አልፃፈላቸውም። ለአንዳንዱ የቀረለት ምስክር ያቺ ፎቶ ብቻ ናት።

ኳስ ላይም ያው ነው። ዋንጫ ያነሳውን እናውቃለን። አብሮት ያደገውን፣ በአንድ ጉልበት ጉዳት ሰፈር የቀረውን ግን ማን ያስታውሰዋል? “ከሱ እኮ ይሻል ነበር” የሚባል ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም። አልዶ ከማሪዮ ይሻል ነበር ወይ? ማንም ሊያውቅ አይችልም። የምናውቀው ሳንቲሟ ስትወረወር ያሸነፈው እሱ መሆኑን፣ መጀመሪያ የነዳው እሱ መሆኑን፣ መጀመሪያ ያሸነፈውም እሱ መሆኑን ነው።

የ1969ኙ የኢንዲያናፖሊስ ፎቶም ዛሬ ድረስ አለ። ከስሩ የተፃፈው የማሪዮ ስም ነው። የቆመው ግን አልዶ ነው፤ በዚያ በድሮ ፊቱ።