በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የቤተ ሰብ፣ የንግድና የኪነ ጥበብ ጽሑፎች አጠባበቅ

የአንድ አገር ታሪክ የሚጻፍባቸው ምንጮች ሦስት ማደሪያ አሏቸው፤ አንደኛው የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ሁለተኛው የሃይማኖት ዕቃ ቤት፣ ሦስተኛው ግን በየሰዉ ቤት ከአልጋ ሥር የሚቀመጠው፣ ቁልፉ ከእናት መቀነት የማይለየው ሣጥን ነው። በፊተኞቹ ሁለት ውስጥ ያለውን አገራችን እንደ አቅሟ ስትጠብቀው ኖራለች፤ የሦስተኛው ዕጣ ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮ መበተን፣ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ መፍረስ ሆኖ ቀርቷል። ጅማንና በዙሪያዋ ያሉትን አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን፣ ቦንጋንና ጎሬን የመሰሉ የቡና ከተሞችን የሚመለከት ሰው ደግሞ፣ የእነዚህ ስፍራዎች ታሪክ ከዙፋንና ከጦርነት ይልቅ በገበያና በውል፣ በብድርና በጋብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ዋናው ምንጩ የሚገኘው ይኸው ተቀባይ ያጣው ሦስተኛው ማደሪያ ዘንድ መሆኑን ሳይውል ሳያድር ይረዳል።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የርስትና የቤተ ሰብ ጽሕፈት የተጠበቀው በቅዱሳት መጻሕፍት ጥላ ሥር ነው። የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጻፍ ስለ ነበር፣ ወንጌሉን የሚያከብር ሁሉ ውሉንም አብሮ ይጠብቅ ነበር፤ የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክረሚ ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ማኅበረ ሰብ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ በስፋት የተጠቀሙትም በዚህ ዓይነቱ የኅዳግ ጽሕፈት ነው። በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ሲያነሣ፣ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ለዝርዝራቸው ዕድሜያቸውን ሲሰጡ፣ ከቅዱሱ ቃል ጋር የዓለማዊው ሰው ውልና ክርክርም ከጥፋት ዳነ።

በመንግሥት በኩል ደግሞ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቋመ፤ በ1942 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው ተበታትኖ የነበረውን የመንግሥት ሥርዓት፣ የግብርና የሹመት ጽሕፈት ሰብስበው አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመሥርቶ የእጅ ጽሑፎችን መቀበል ጀመረ፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179ም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ሕጋዊ ሥልጣን ሰጠው። ይሁን እንጂ እነዚህ ተቋማት ሁሉ በአዲስ አበባ የተተከሉ ናቸው፤ ከአጋሮ ወይም ከጎሬ የአባቱን ወረቀት በኬሻ አስጭኖ እስከዚያ የሚሄድ ወራሽ ደግሞ ብዙ አይደለም።

ሆኖም ቤተ ሰብ ሲጠነክር ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ በ1998 ዓ.ም.፣ የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» በ2002 ዓ.ም. የታተሙት፣ ሁለቱም ደራስያን ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የእጅ ጽሑፎቻቸው ጠባቂ ስላላጡ ነው። ራስ እምሩ ከጎሬ ተነሥተው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1936 በጣልያን እጅ እስከ ወደቁበት ጊዜ ያለፉበት መንገድ በዚሁ በቡናው አገር ያለፈ በመሆኑ፣ የአንድ መኳንንት ቤት ትዕግሥት ለመላው ምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ ውለታ ሆኗል።

ወደ ጅማ ስንመለስ፣ ይህች አገር የጽሕፈት ባህል ያልነበራት ይመስል ታሪኳን ከሽማግሌዎች አፍ ብቻ መቅዳት ለብዙ ጊዜ የተለመደ ነበር፤ ሄርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ያሳተሙት የታወቀ ጥናትም በአብዛኛው የተመሠረተው በቃል ምስክርነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር መስጊድና ሊቃውንትን የሚደግፉ፣ ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤት በመካ ያቆሙ ንጉሥ ስለ ነበሩ፣ በዘመናቸው በዐረብኛና በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ ኦሮምኛ የተዘጋጁ የሃይማኖት፣ የሕግና የመንዙማ መጻሕፍት በየሼኩ ቤት በዝተው ነበር። በአሌሳንድሮ ጎሪ የተመራውና እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው የአፍሪቃ ቀንድ እስላማዊ ሥነ ጽሑፍ ጥናት በኢትዮጵያ ያሉ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን እየፈለገ በፎቶግራፍ አንሥቷል፤ እኒሁ ሊቅ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ከጂሬን ቤተ መንግሥት የተረፈው የንጉሡ ዕቃ በጅማ ሙዚየም ሲታይ፣ ጎብኚው የሚያደንቀው ዙፋኑንና አልባሳቱን ነው፤ ገበያውን፣ ኬላውንና ግብሩን ያንቀሳቀሰው ግን ቃልና ጽሕፈት እንደ ነበረ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የንግዱ ወረቀት ነው። የሂርማታ ገበያ የጅማ ከተማን ከወለደ በኋላ፣ የአገሬው ነጋዴ ከየመን ዐረብ፣ ከግሪክ፣ ከአርመንና ከህንድ ነጋዴ ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ፣ እያንዳንዱም በየቋንቋው ሒሳቡን ሲጽፍ ኖረ። ከዚህ ዓይነቱ የቡና ነጋዴ ደብተር አንዱን ገልጦ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያው ዐምድ ቀኑን፣ በሁለተኛው የገበሬውን ስም ከነአባቱና ከነቀዬው፣ በሦስተኛው የቡናውን ዓይነት፣ ጀንፈል ወይም እሸት መሆኑን፣ በአራተኛው ክብደቱን በፈረሱላ ያገኛል፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ገጾች ላይ ቡና የለም፤ ያለው በገበሬው ስም አንጻር የተጻፈ የቅድሚያ ገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም በገንዘብ ፈንታ ጨው፣ አቡጀዲ ወይም የልጅ ሰርግ ወጪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ገጾች ላይ ያው ስም ተመልሶ ይመጣል፤ ፈረሱላው ይመዘናል፣ ቅድሚያው ይቀነሳል፣ የተረፈው ዕዳ ወደሚቀጥለው ክረምት ይሻገራል። በገበሬው ስም ፊት የጣት አሻራ፣ በነጋዴው በኩል ደግሞ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ማኅተም ይታያል። እንግዲህ ክረምቱን ማን ማንን እንዳበደረ፣ የዓለም ዋጋ ሲወድቅ ጉዳቱ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ፣ ርስት በዕዳ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈ የሚናገር ከዚህ ደብተር የበለጠ ምስክር የት ይገኛል?

ሕጉ ግን ይህን ምስክር ይፈልገው የነበረው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው መዝገቡን ለዐሥር ዓመት ብቻ እንዲያቆይ ያስገድድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩ ለግብር ሰብሳቢ የማይረባ፣ ለታሪክ ግን መጥቀም የሚጀምር ስለሚሆን፣ ጥቅሙ በሚለመልምበት በዚያው ሰዓት የቅመም መጠቅለያ ይሆን ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ቃል እውነት የሚሆነው ለመጽሐፉ ወራሽ ሲገኝለት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ የንግድና የእርሻ መዝገቦች ከንብረቱ ጋር ወደ መንግሥት ድርጅቶች ተላለፉ፤ በቤት የቀሩትን የርስት ካርታና የግብር ደረሰኞች ደግሞ አንዳንዱ በተስፋ ደበቃቸው፣ አንዳንዱም ባለሀብት መባልን ፈርቶ አቃጠላቸው። ቀጥሎ በመጣው የሽብር ዘመን የግል ደብዳቤና ፎቶግራፍ ሳይቀር ወደ እሳት ገባ። በኤደን ተቀምጦ ከኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የኖረው ፈረንሳዊው አንቶናን ቤስ በሰጠው ገንዘብ በኦክስፎርድ ሴንት አንቶኒ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የዕውቀት ቤት ሲሆን፣ ቡናውን ለቅሞ የሸጠው ገበሬና የሰበሰበው ነጋዴ ሒሳብ ግን በራሱ አገር ማረፊያ አላገኘም።

የኪነ ጥበብ ጽሑፍም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በኢሉባቦር ሱጴ የተወለደው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ መጽሐፉ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ሲጠፋ፣ የደራሲ ወረቀት የደራሲውን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑ ታየ፤ ዛሬ ቤተ ሰቡ በስሙ ያቋቋመው ፋውንዴሽን መታሰቢያውን ይጠብቃል። ሠዓሊውና ባለ ቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ በስደት ካረፈ በኋላ፣ በጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሠየመው ማዕከል ማደራቸው፣ ግጥሞቹም ተሰብስበው መታተማቸው፣ ወዳጅና ተቋም ሲተባበሩ የተበተነው ሊሰበሰብ እንደሚችል ያስረዳል። በጅማ ግን የፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ፣ የደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች የቴአትር ጽሑፍና ካሴት፣ የሰርግ ዘፋኞች ቅጂ ገና የሚዘረዝራቸው ይጠብቃሉ።

ከአገር ውጭ ያለውም ድርሻ ቀላል አይደለም። ጣልያን ጅማን የጋላና ሲዳሞ ግዛት ብሎ የሰየመው ክፍል ዋና ከተማ አድርጎ በያዘባቸው ዓመታት የተሠራው ፕላንና ደብዳቤ በሮማ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተውን የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የረዱት፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ጽሕፈትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተጠብቋል። ለእኛ የሚበልጠውን ትምህርት የምትሰጠን ግን አየርላንድ ናት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1922 በደብሊን የፎር ኮርትስ ሕንፃ በእርስ በርስ ጦርነት ሲቃጠል፣ በውስጡ የነበረው የመንግሥት ቤተ መዛግብት የሰባት መቶ ዓመት ጽሕፈት ወደ ዐመድ ተለወጠ፤ ልክ በመቶ ዓመቱ ትሪኒቲ ኮሌጅ የመራው ሥራ የጠፋውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ መልሶ ሲያቋቁም፣ ለመተኪያ የተፈለገው ቀድሞ ተገልብጦ በሌሎች ተቋማትና በግለሰቦች እጅ የቀረው ግልባጭ ነበር። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የባለርስት ቤተ ሰቦችን ወረቀት፣ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የራሱን መዝገብ፣ በደብሊን ያለው የሥነ ሥዕል ቤተ መጻሕፍትም የሠዓልያንን ጽሑፍ የሚሰበስቡ መሆናቸውም፣ መንግሥት ብቻውን የአገርን ትዝታ ሊሸከም እንደማይችል ያሳያል።

በጅማ እሳቱ ዝግ ያለ ነው። በዓመት አብዛኛው ወር ዝናብ በማይለየው በዚህ ወይና ደጋ አየር ወረቀት ሻጋታ ያበቅላል፤ ምስጥ ደብተሩን ከጀርባው ይጀምረዋል፤ የብረት ማያያዣው ዝጎ ቅጠሉን ይበሳል፤ ለመልካም ታስቦ የተለጠፈው ስኮች ከጊዜ በኋላ ጽሕፈቱን ይዞ ይነሣል፤ በላስቲክ መጠቅለልም እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያስቀር ከዝናብ ያዳነውን ለሻጋታ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ አየር የሚያስገባ ካርቶን፣ ብረት የሌለበት ማሰሪያ፣ ከሁሉም በላይ የተገኘበትን ቅደም ተከተል አለማፍረስ። የባለቤቱ አቀማመጥ ራሱ ምስክር ነውና፣ የጋብቻ ውል ከቡና ደረሰኝ ጋር በአንድ ጥቅል ከታሰረ ያ ጋብቻ የንግድ ሽርክናም እንደ ነበረ ሊነግረን ይችላል።

የሚበረታው ችግር የመተማመን ነው። ወራሾች ወረቀቱን የማይሰጡት ንቀው አይደለም፤ ከአንዲት የዕዳ ቃል ክርክር እንዳይነሣ፣ የተወረሰ ርስት ምስክር ከእጃቸው እንዳይወጣ ይሠጋሉ፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ተቀባዩ ተቋም ሦስት በር ሊከፍት ይገባዋል፦ ፈቃደኛ የሆነ ጨርሶ እንዲሰጥ፣ የሚያመነታ ባለቤትነቱን ይዞ በአደራ እንዲያስቀምጥ፣ የማይለቅ ደግሞ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ዋናውን ወደ ቤቱ እንዲመልስ። ሕያዋንን የሚነካው ጽሕፈት እስከ ተወሰነ ዘመን ይዘጋ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ደራሲው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የሚጸና በመሆኑ፣ ወረቀቱን መቀበል የማሳተም ፈቃድን እንደማይጨምር በውሉ ይገለጽ። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረት የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና የድምፅ ቅጂ ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሕዝብ ሙዚየም መሆኑ እንዲህ ያለው እምነት ከአንድ ሰው ሊጀምር እንደሚችል ያስረዳል፤ ጅማ ደግሞ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም የቀደመ ሙዚየም አላት።

እንግዲህ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማዳን ስለማይቻል ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ለሃይማኖት መጻሕፍት ቅድስናቸው፣ ለመኳንንት ማስታወሻም የስማቸው ክብር ጠባቂ ይሰጣቸዋል፤ የቡና ነጋዴው ደብተር ግን የሚያማልደው ቅድስናም ክብርም የለውም፤ ግብይቱም እ.ኤ.አ. በ2008 በተቋቋመው የምርት ገበያ አማካይነት ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ መዛወር ስለ ጀመረ፣ እንደ ቀድሞው አይጻፍም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ወይም ሙዚየሙ ሕንፃና ማሽን እስኪገኝ ሳይጠብቅ፣ በአጋሮና በሊሙ ያሉትን የቀድሞ ቡና አቅራቢ ነጋዴዎች ቤት እየዞረ፣ የትኛው መዝገብ በማን እጅ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው እንዳለ በዝርዝር ቢጽፍ፣ የመጀመሪያው ሥራ ተሠራ ማለት ነው።