ስዕል እንጀራ ይሆናል? ከወልድያ የተነሱት ሠዓሊና የጉልት ሴቶቻቸው

ቆቦ ላይ አንድ ልጅ "ሠዓሊ መሆን እፈልጋለሁ" ቢል መልሱ ይታወቃል፦ "ተው ልጄ፣ የሚያበላህን ተማር።" ወላጅ ክፉ አስቦ አይደለም። በራያ ቆላ ዝናቡ ሲቀር ማሽላውም ይቀራል። ጦርነቱ ስንቱን ቤት ባዶ አድርጎታል። ብዙ ወጣት ደግሞ ልቡ ሳዑዲ ነው። እንዲህ ባለበት ብሩሽ ይዞ መቀመጥ ቅንጦት ቢመስል አይገርምም።

ግን ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው ወልድያ። የዚያች ከተማ ልጅ የሆኑ አንድ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲስሉ ኖረዋል። ዛሬ የእሳቸውን ነገር ይዘን መጥተናል።

ማን ናቸው?

ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ ተወለዱ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ከታላቁ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ ተማሩ። ቀጥሎ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ሌኒንግራድ ውስጥ አጠኑ። ሲመለሱ በዚያው በተማሩበት ቤት ከ30 ዓመት በላይ አስተማሩ። ትምህርት ቤቱ አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት ነው፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ምን ይስላሉ?

የጉልት ሴቶችን። ሽንኩርትና ቲማቲም ፊታቸው ደርድረው ገዢ የሚጠብቁትን። አንዷ ቆማ፣ ሌላዋ ቁጢጥ ብላ፤ አብረው ሆነውም እያንዳንዳቸው በየሐሳባቸው። ተከታታይ ሥራዎቹን "የሕይወት ምሰሶዎች" ብለዋቸዋል። ስሙን ልብ በሉት። ምሰሶን ቤት ውስጥ ማንም አያስተውለውም፤ ሲወድቅ ግን ጣሪያው አብሮ ይወርዳል።

ቆቦ ገበያ የወጣ ሰው እነዚህን ሴቶች ያውቃቸዋል። የብዙዎቻችን ደብተር የተገዛው በእነሱ ሳንቲም ነው።

ታዲያ ትርጉሙ ከየት ይመጣል?

1. ደጋግሞ ከማየት። እኛ ዋጋ ጠይቀን እናልፋለን፤ ሠዓሊው ግን ቆሞ ያያል። አንድን ሰው ለመሳል ትከሻው ለምን እንደጎበጠ፣ እጁ የት እንዳረፈ ማስተዋል ግድ ነው። እንዲህ ለዓመታት ያዩትን ሰው ደግሞ አለማክበር ይከብዳል።

2. ከማያውቁት ሰው ጋር ከመገናኘት። የታደሰ ሥራዎች ለንደን ድረስ ታይተዋል። እዚያ ያለ ተመልካች ጉልት ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ደክሞት የሚጠብቅ ሰው ፊት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም።

3. ከማውረስ። ከተማሪዎቻቸው መካከል መሪኮከብ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን በቬኒስ ቢየናሌ ሥራዎቿን አሳየች። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መድረክ የራሷ ድንኳን ሲኖራት የወከላት ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር፤ እሱም የእሳቸው ተማሪ።

እንጀራውስ?

እውነቱን እንነጋገር። ሸራ ሸጦ መኖር ቶሎ አይመጣም፤ ለብዙዎች ጭራሽ አይመጣም። ታደሰ ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት መምህር ነበሩ። ሌላው ሥራ ቤቱን ሲይዝ ስዕሉ በገዢ ፍላጎት ብቻ አይጎተትም። ስለዚህ "ወይ ስዕል ወይ እንጀራ" የሚለው ምርጫ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድም አንድ መንገድ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። በስልካችሁ የሰው አገር ስዕል ከመቅዳት በፊት የራሳችሁን ገበያ ውጡ። ሴቶቹን አስፈቅዱ፣ ቁጭ በሉ፣ እጃቸውን ሳሉ። ነገም ተመለሱ፤ ያው ሴት፣ ያው እጅ። በአሥረኛው ቀን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት።

እናንተ ብትስሉ ከሰፈራችሁ ማንን ታስቀድማላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።