የግልገሉ ቁጥርና የፋይሉ አባት

የመንዝ ሰው አባት መቁጠር ከልጅነቱ ይለምዳል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ አገሮች ራሳቸው በቀደሙት አባቶች ስም የተጠሩ ናቸው ይባላል። የመሬት ዐዋጅ በ1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስም የርስት ጠያቂው ዋና ማስረጃ ከባለርስቱ አያት ቅድመ አያት የሚያደርሰው ሐረግ ነበር። ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ልናወራ ተነሥተን ስለ ርስት መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጊት የሚባለው መሣሪያ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ሥራው አባት መቁጠር ነው።

ነገሩን ያስነሣብን በመሐል ሜዳ የሚሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን ነው። የገበሬዎችን በጎች ክብደት የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም በትርፍ ሰዓቱ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩን ሲከፍትልን «የበግ ክብደት መጨረሻ»፣ «የበግ ክብደት መጨረሻ 2»፣ «እውነተኛ መጨረሻ»፣ «ይኸኛው ይላካል» የሚሉ ፋይሎች ተሰልፈው አየን። የትኛው የየትኛው ልጅ እንደ ሆነ ብንጠይቀው ሣቀ እንጂ አልመለሰልንም። እኛም ተማሪ ሳለን ከዚህ የባሰ ስለ ሠራን ብዙ ልንወቅሰው አልደፈርንም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በሣቅ የሚታለፍ አይደለም። በመንዝ ከፈረንጆች 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው የበጎቻቸውን ዘር በኅብረት ሲያሻሽሉ ቆይተዋል። ግልገሉ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ እናቱ ትመዘገባለች፤ እያደገ ሲሄድ ይመዘናል። አውራ የሚሆነው በግ ሲመረጥ ከሚታዩት ነገሮች አንዱና ዋናው የስድስት ወር ክብደቱ ነው። ግልገል ደግሞ ስድስት ወር የሚሞላው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ቁጥር በስሕተት ከተፋቀ ወይም በሌላ ከተተካ ተመልሶ የሚመዘን ግልገል አይገኝም። እንዲህ ያለውን መዝገብ በኮምፒዩተር የሚይዝ ወጣት ሁሉ፣ ጓደኛችንም ጭምር፣ ጊትን ቢያውቅ ይበጀዋል የምንለው ስለዚህ ነው።

ጊትን በፈረንጆች 2005 ዓ.ም. የፈጠረው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በብዙ አገር ተበትነው የሊኑክስን ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸው እንዳይደባለቅ ይፈልግ ነበር። አሠራሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ሥራችንን አንድ ደረጃ ላይ አድርሰን «ኮሚት» ስንል ጊት ለዚያ ደረጃ 40 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል፤ የጆሮ ቁጥር ማለት ነው። በውስጡም የአባቱን፣ ማለት ከርሱ በፊት የነበረውን የኮሚት ቁጥር ይጽፋል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ የሠሩት ሲጣመር ደግሞ አዲሱ ኮሚት እንደ ግልገሉ ሁለት ወላጆች ይኖሩታል። ከቀድሞዎቹ በአንዱ ላይ ነጥብ እንኳ ቢለወጥ የርሱም የልጆቹም ቁጥር ስለሚለወጥ ሐረጉን በስውር ማበላሸት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኛ ግን እንደሚሰሙት እናስቀምጣቸዋለን። ኮሚት ከማለት በፊት በ«ጊት ስታተስ» የተለወጡትን ፋይሎች፣ በ«ጊት ዲፍ» ደግሞ የተለወጡትን መስመሮች ማየት ልማድ ይሁን። ኮሚቱ ትንሽ ይሁን፤ ምክንያቱም ይጻፍበት። «ማስተካከያ» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። «የጥቅምት ክብደት በግራም ስለ ተመዘገበ ወደ ኪሎ ተለወጠ» የሚል ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ባልደረባ ደብዳቤ ነው። የኤክሴል ፋይል ለጊት የተቈለፈ ሣጥን ስለ ሆነ መዝገቡን በሲኤስቪ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያን ጊዜ የትኛው ግልገል ቁጥሩ እንደ ተለወጠ በመስመሩ ይታያል። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደ ጻፈው የሚያሳይ «ጊት ብሌም» የሚባል ትእዛዝም አለ። ትርጉሙ «ወቀሳ» ነው፤ የመሥሪያ ቤት አለቆች በስሙ እንዳይጠቀሙበት እንለምናለን።

አንድ ትእዛዝ ግን ያስፈራናል። የመመረቂያ ሥራችንን ስንጽፍ አንድ ሌሊት «ጊት ሪሴት ሰረዝ ሰረዝ ሃርድ» ብለን፣ ኮሚት ያላደረግነው የሦስት ሰዓት ሥራ እንደ ጢስ ጠፋ። ኮሚት የተደረገ ቢሆን ኖሮ የጠፋ መስሎ ሳለ «ጊት ሬፍሎግ» ያወጣልን ነበር፤ ይህን ያወቅነው ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ያልተመዘገበውን ግን ማንም አያወጣውም።

የአማርኛ ነገርም አለ። የፋይል ስም በአማርኛ ሲሰጥ ጊት በቁጥር ግርግር ለውጦ ያሳያል፤ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚባለውን ቅንብር «ፎልስ» ሲሉት ፊደላችን ይመለሳል። በ«ግሬፕ» ስንፈልግ ደግሞ «መርሐቤቴ» ብለን ብንጠይቅ «መርሃቤቴ» ተብሎ የተጻፈውን ያልፈዋል፤ ለኮምፒዩተር ሐና ሃ እንደ ላምና እንደ በግ የተለያዩ ናቸውና። ስለዚህ ሀሃሐሓኀኃን በማእዘን ቅንፍ ውስጥ ሰብስቦ በዚያች ፊደል ቦታ መጻፍ ነው። ማሽኑ በዩቲኤፍ-8 እስከ ተዘጋጀ ድረስ ይሠራል። በትውልድ መዝገቡ ላይ አንድ የጆሮ ቁጥር ለሁለት ግልገል ተሰጥቶ እንደ ሆነ ለማየትም ዓምዱን በ«ከት» ቈርጦ፣ በ«ሶርት» ደርድሮ፣ በ«ዩኒክ ሰረዝ ዲ» ማጣራት ይበቃል።

ለጓደኛችን ከሁሉ የጣፈጠው ግን ጊት ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። መዝገቡ ሙሉውን ከነታሪኩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ሆነ መስመር ቢቋረጥም ኮሚት ማለት አይቋረጥም፤ መስመር ሲመጣ «ጊት ፑሽ» ይላል። መስመሩ ከቀረ ደግሞ «ጊት ባንድል» ታሪኩን ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ያስይዘዋል። በዚያው ማታ አራቱን ፋይሎች በየቀናቸው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ኮሚት አደረግናቸው፤ «እውነተኛ መጨረሻ» የተባለው ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ። ጓደኛችን በማግሥቱ ጠዋት ፍላሹን በኪሱ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ።