መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ለምን ፓስወርድ ጠየቀ?

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ፎርም የሞላ ሰው ይቺን ያውቃታል። ሦስት ገጽ ሞልታችሁ አንድ ሲቀራችሁ መብራት ድርግም። ሲመለስ ደግሞ በራሱ ይከፈት የነበረው ኮምፒውተር ፓስወርድ አምጡ ይላል። ባለቤቱ የሉም፣ የሚሠራው ልጅ አያውቀውም። በእግሩ ከገጠር የመጣ ተማሪ ሳይመዘገብ ይመለሳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይቀር በኮምፒውተር መሰጠት በጀመረበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የተለመደው መልስ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ነው። ቆይ! ፎርማት ከተደረገ የሰው ሲቪና ስካን የተደረገ ዶክመንት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ያለ ፓስወርድ የሚገባው እንደ አዲስ ሲነሳ፣ ተቀምጦለት ባገኘው ፓስወርድ ነው። ከወር በፊት አንድ ሰው ፓስወርዱን ቀይሮት ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ስለከረመ ግን ማንም አላወቀም። መብራት ሲሄድ የግድ እንደ አዲስ ይነሳል፣ በድሮው ፓስወርድ ሊገባ ይሞክራል፣ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ መብራቱ ብዙ ጊዜ ችግሩን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

በቅደም ተከተል እንዲህ ሞክሩ፦

1. ኪቦርዱን ሳትነኩ ሪስታርት አድርጉ። ሲነሳ ሺፍት ከተጫነ በራሱ መግባቱን ይተወዋል። አቧራ በልቶት ተጭኖ የቀረ ሺፍትም ያው ነው።

2. የአካውንቱን ስም እዩ። የባለቤቱ አካውንት ከመጣ፣ የደንበኞቹን ከታች በግራ በኩል ምረጡ።

3. ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይግባና የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ጋር ይጫን። ከዚያ ኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ፒ፣ ኤል፣ ደብሊው፣ አይ፣ ዜድ ብሎ አያይዞ ይጻፍ። የደንበኞቹን አካውንት መርጦ፣ ፓስወርድ ይጠየቅ የሚለውን ምልክት አንስቶ፣ አሁን የሚሠራውን ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ያስገባ። ምልክቱ ከሌለ ሴቲንግ ውስጥ በዊንዶውስ ሄሎ ብቻ ይገባ የሚለውን መጀመሪያ ያጥፋ።

4. ገብቶም ድረ ገጽ አልከፍት ካለ ቀኑን እዩ። ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደክማለች። ብዙ ጊዜ ቁጥሯ 2032 ነው፤ ቀይሯት።

5. ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ከመጣና አካውንቱ አልተከፈተም የሚል መልእክት ካያችሁ፣ መብራቱ ሲቋረጥ የአካውንቱ ፋይል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ምንም ሴቭ አታድርጉ፣ ሲወጣ ይጠፋል። የድሮው ፋይል ብዙ ጊዜ ሲ ድራይቭ ውስጥ አለ። በባለቤቱ አካውንት ገብታችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡና አዲስ አካውንት ክፈቱ።

ለባለቤቶች አንድ ነገር፦ በራሱ የሚከፈተው አካውንት የአድሚን አይሁን። ኮምፒውተሩን ያበራ ሁሉ ይገባበታላ!

ለእናንተ ደግሞ፦ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ከፍታችሁ ሳለ መብራት ከሄደ ሎግ አውት አላላችሁም። ኮምፒውተሩ በራሱ ሲከፈት ብሮውዘሩም የነበረበትን ገጽ ሊመልስ ይችላል፣ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ቻታችሁን ሊያነብ ይችላል። ወዲያው ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ነክታችሁ ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። ፌስቡክም ላይ የገባችሁባቸውን ዲቫይሶች አይታችሁ አስወጡ።

ኢንተርኔት ቤት የምትሠሩ፣ መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ። ከገበያ ቀን በፊት አንዴ ራሳችሁ ሪስታርት አድርጋችሁ በራሱ መግባቱን እዩ። ዩፒኤስ ካላችሁም የተሰጣችሁ ደቂቃዎች ናቸው፣ ሴቭ አድርጋችሁ በአግባቡ ለማጥፋት ተጠቀሙባቸው።

ኮምፒውተር ቤት ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።